ከጓደኞች ጋር በባቡር ድንበር ተሻግሮ ኳስ ማየት፦ ዕቅዱ ከመመለሻው ይጀምራል

አውሮፓ ውስጥ ሌላ አገር ሄዶ ጨዋታ ለማየት ባቡርን የሚያህል መጓጓዣ የለም። ጣቢያው መሃል ከተማ ነው፤ አራት ሆናችሁ አንድ ጠረጴዛ ከባችሁ ትጓዛላችሁ፤ እንደ አውሮፕላን ሻንጣ እየተመዘነ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠየቅም። ጉዞው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ ነው። የማታ ጨዋታ ሲያልቅ አብዛኞቹ ድንበር ተሻጋሪ ባቡሮች የዕለቱን ጉዞ ጨርሰዋል። ስለዚህ ዕቅዱን ከመጨረሻው ፊሽካ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ አውጡ። እዚህ ያሉት ሰዓቶች ትኬት ላይ እንደሚታተሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው፤ 21:00 ማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

1. ጨዋታውን ምረጡ፤ ቀኑ ሳይቆረጥ ግን ገንዘብ አታውጡ

የሊግ መርሐ ግብር ሲወጣ የሚታየው ቀን የመጨረሻው አይደለም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚያስተላልፉትን ከመረጡ በኋላ የቅዳሜው ጨዋታ ወደ ዓርብ ወይም ወደ እሑድ ሊዞር ይችላል። በቡንደስሊጋ ለምሳሌ አንድ ዙር ከዓርብ 20:30 ጀምሮ እስከ እሑድ ማታ ይዘልቃል፤ የትኛው ጨዋታ በየትኛው ሰዓት እንደሚደረግ የሚታወቀው ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ርካሽ የባቡር ትኬት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም፣ ቀኑም አይቀየርም።

ለባቡር ተጓዥ በጣም የሚመቸው የሻምፒዮንስ ሊግ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። ዕጣው በነሐሴ መጨረሻ ይወጣል፤ የስምንቱም ጨዋታዎች ቀንና ሰዓት በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ላይ ይታወቃል። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ማክሰኞና ረቡዕ በ18:45 ወይም በ21:00 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ይጀምራሉ። በዚህ ምዕራፍ ጭማሪ ሰዓት ስለሌለ የሚያልቅበትን ሰዓት መገመት አያስቸግርም። ምርጫ ካላችሁ የ18:45ቱን ያዙ።

2. መመለሻውን አስሉ

በ21:00 የተጀመረ ጨዋታ ዕረፍቱና የባከነው ሰዓት ተደምሮ 22:55 አካባቢ ያልቃል። የጥሎ ማለፍ የመልስ ጨዋታ ከሆነና ወደ ጭማሪ ሰዓትና መለያ ምት ከሄደ 23:45 ይሆናል። ከወንበር ተነስቶ አጥር ግቢውን ለመልቀቅ 20 ደቂቃ ጨምሩበት። የከተማው ባቡር ወረፋና መንገድ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እንግዳ ቡድን የምትደግፉ ከሆነ ፖሊስ የባለሜዳውን ደጋፊ አስቀድሞ ሊበትን እናንተን ውስጥ ሊያቆያችሁ ይችላል፤ ይህም ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የተለመደ ነው። ተደምሮ ሲታይ እንግዳ ደጋፊ ዋናው ጣቢያ የሚደርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

የሌሊት ባቡርም ከ21:00 ጨዋታ በኋላ ብዙ ጊዜ አያድንም። ብዙዎቹ የሚነሱት አመሻሽ ላይ፣ ጨዋታው ገና ሳያልቅ ነው። ለከሰዓት ጨዋታ ግን ግሩም ነው። 15:30 ላይ የተጀመረ 17:25 አካባቢ ያልቃል፤ ከ19:30 በኋላ የሚነሳ ባቡር ላይ ሳትሯሯጡ ትደርሳላችሁ። ስድስት ከሆናችሁ እንደ ናይትጄት ባሉት ባቡሮች ባለ 6 አልጋውን ክፍል እንዳለ መያዝ ይቻላል። በሩን ከውስጥ ዘግታችሁ ትተኛላችሁ፤ የማታውቁትን ሰው በኳስ ወሬ አትረብሹም።

ለማታ ጨዋታ ያለው ጤናማ መፍትሔ አንድ ሌሊት ማደር ነው። የምታድሩበት ቦታ ከስታዲየሙ ይልቅ ለዋናው ጣቢያ ይቅረብ፤ ጠዋት የምትቸኩሉት ወደ ባቡር ነውና። ጣቢያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማንጋትን ዕቅድ አታድርጉት። የፓሪሱን ጋር ዱ ኖር ጨምሮ በርካታ ትላልቅ ጣቢያዎች ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋሉ፤ ክረምት ላይ ውጭ መቆም ደግሞ ቀልድ አይደለም።

3. የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት አንድ በአንድ እዩ

አንድ ጓደኛ ድንበር ላይ ቢቀር የሁሉም ጉዞ ይሰናከላል። ስለዚህ ማንም ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሁሉም ፓስፖርቱንና ቪዛውን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን አውጥቶ ያሳይ።

የሸንገን ቀጣና 29 አገሮችን ይዟል፤ የአጭር ጊዜ ቆይታው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። በአንዱ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎቹ በዚሁ ደንብ ይጓዛል፤ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ፓስፖርቱንም መያዝ አለበት። የውስጥ ድንበር ስለሆነ ማንም አይጠይቅም ብላችሁ አትዘናጉ። ጀርመን ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ታደርጋለች፤ ፖሊስ ባቡር ላይ ወጥቶ ወንበር ለወንበር እየዞረ ይጠይቃል። ስልክ ላይ ያለ የፓስፖርት ፎቶ ፓስፖርት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለንደን ላይ ነው። ብሪታንያ ሸንገን ውስጥ የለችም። ከፓሪስ ለንደን ሄዶ ፓሪስ የሚመለስ ሰው የሸንገን ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ ሲወጣ አብቅቷል፤ መመለስ አይችልም። ቪዛ የማያስፈልጋቸው የብዙ አገር ዜጎችም ቢሆኑ አሁን ለብሪታንያ አስቀድመው የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው።

4. የስታዲየሙን ትኬት ቁረጡ

የባቡሩ ትኬት ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። በሻምፒዮንስ ሊግ ለእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች የሚሰጠው የስታዲየሙ 5 በመቶ ነው። የሚሸጠውም በራሱ በክለቡ በኩል፣ በአብዛኛው ለአባላት ነው። ዩኤፋ የዚህን ትኬት ጣሪያ ለ2025/26 የውድድር ዘመን 50 ዩሮ አድርጎታል፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ራቁ።

የእንግዶች ቦታ አልቆ ከባለሜዳው በኩል ትኬት ካገኛችሁ የእንግዳውን ቡድን ማሊያ ለብሳችሁ አትሂዱ። በር ላይ ይመልሷችኋል፤ ውስጥ ብትገቡም ከወንበራችሁ ሊያስነሷችሁ ይችላሉ። ጣልያን ውስጥ ትኬት በስም ይቆረጣል፣ መግቢያው ላይም ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። ስሙ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ የቤት ስም አያስገባም። ትኬቱ በስልክ የሚመጣ ከሆነ ለሁሉም የቆረጠው ሰው ለየሰዉ በየስልኩ አስቀድሞ ያስተላልፍ። አራቱንም ትኬት አንድ ስልክ ላይ ይዞ መሄድ ባትሪው ሲያልቅ አራቱንም ውጭ ያስቀራል። ኮዱ በየጊዜው የሚቀያየር ትኬት ደግሞ ከስልክ ስክሪን ላይ በተቀረጸ ምስል አይሠራም።

5. የባቡር ትኬት፦ አንድ ወጥ ወይስ የተቆራረጠ?

ባቡር የምትቀይሩ ከሆነ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ውል የተቆረጠ ወጥ ትኬት ፈልጉ። ከሁለት ቦታ ገዝታችሁ ራሳችሁ ያገናኛችሁት ትኬት አንዳንዴ ይረክሳል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ባቡር 40 ደቂቃ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው ኩባንያ ኃላፊነት የለበትም። በወጥ ትኬት ግን መድረሻችሁ ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የምትዘገዩ ከሆነ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ወይ ገንዘባችሁን ይመልሱላችኋል ወይ በሌላ ባቡር ያደርሷችኋል። በጀርመን ቅናሽ ትኬት ለተጻፈበት ባቡር ብቻ ያገለግላል፤ መድረሻ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ መዘግየት ከተጠበቀ ግን ገደቡ ይነሳና በሌላ ባቡር መሄድ ይፈቀዳል።

የሽያጭ ገጹ የ8 ደቂቃ መቀየሪያ ቢያቀርብላችሁ አትቀበሉት። በጨዋታ ቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑራችሁ። ፓሪስ ላይ ጣቢያ ራሱ ይቀየራል፦ ከሰሜን የመጣ ባቡር ጋር ዱ ኖር ያወርዳችኋል፣ ወደ ደቡብና ወደ ጣልያን የሚሄደው ከጋር ዴ ሊዮን ይነሳል። በአር ኢ አር (የፓሪስና የአካባቢዋ ባቡር) ዲ መስመር ሁለት ማረፊያ ብቻ ቢሆንም ከሻንጣና ከመንገድ መጥፋት ጋር 75 ደቂቃ መያዝ ይሻላል።

በብዙ አገሮች ባቡር የሚያስጉዘው ማለፊያ፣ ኢንተርሬይል (የአውሮፓ ነዋሪ ላልሆነ ዩሬይል)፣ የሚያዋጣው ጨዋታውን ከሌሎች ከተሞች ጋር ካቀናጃችሁ ነው። ማለፊያውን መያዝ ብቻውን ግን ለንደንን ከፓሪስ በሚያገናኘው በዩሮስታር፣ በፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር በቴዤቬና በጣልያኑ በፍሬቻሮሳ አያሳፍርም፤ የወንበር ማስያዣ ለብቻው ይከፈላል፣ ለማለፊያ ባለቤቶች የሚተወው ወንበርም ውስን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ጀርመን ውስጥ በፈጣኑ ባቡር በአይሲኢ ወንበር ማስያዝ ግዴታ አይደለም፤ በጨዋታ ቀን ግን ካላስያዛችሁ ቆማችሁ ትሄዳላችሁ።

ለአጭር ርቀት አንድ ጥሩ አማራጭ አለ። የጀርመኑ የባቫርያ ክልል የቀን ትኬት እስከ አምስት ሰው አብሮ ያስጉዛል፤ በሥራ ቀን ከ9:00 እስከ ማግስቱ 3:00 ይሠራል፤ ድንበር ተሻግሮ እስከ ኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ ድረስም ያገለግላል። የሚፈቅደው ግን የክልል ባቡሮችን ብቻ ነው፤ ፈጣኖቹ ላይ ከወጣችሁ ትቀጣላችሁ።

ሒሳቡን አንድ ሰው ይያዝ። ከመክፈል በፊት ስምምነቱ ይነገር፦ የቀረ ሰው የማይመለሰውን ገንዘብ ራሱ ይሸፍናል። ይህን ከኋላ ማንሳት ጓደኝነት ያሻክራል።

6. የመሳፈሪያው ቀን

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ በዩሮስታር ስትነሱ የብሪታንያ ወገን የሚያደርገው ፍተሻና የፈረንሳይ የፓስፖርት ቁጥጥር እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው። በሩ ከመነሻው 30 ደቂቃ በፊት ይዘጋል፤ 90 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ይበቃል። ሻንጣ በማሽን ይፈተሻል፤ ርችትና የጭስ ችቦ ይዞ መምጣት ጉዞውን እዚያው ያስቆመዋል። የለንደን ሰዓት ከፓሪስ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነ አትርሱ፤ ትኬት ላይ ያለው ሁሌም የየአገሩ ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነገር፦ የፉርጎ ቁጥር። ረጅሙ ባቡር ብዙ ጊዜ ሁለት ባቡር ተቀጣጥሎ ነው፣ መንገድ ላይም ይለያያል። ከበርሊን ወደ ራይን አካባቢ የሚሄዱ አንዳንድ አይሲኢዎች ሐም ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ክፍል በዶርትሙንድና በኤሰን፣ ሌላው በሐገንና በቩፐርታል በኩል ይሄዳል። ሁለት ጓደኛሞች በተለያየ ፉርጎ ገብተው መገናኛ በር በሌለበት ቢቀሩ አንዱ ስታዲየሙ ያለበት ከተማ ሲወርድ ሌላው በሌላ መስመር እየሄደ ይሆናል። ስለዚህ መሳፈሪያው ላይ ያለው ሰሌዳ የፉርጎውን ቁጥርና የሚቆምበትን የመሳፈሪያ ክፍል ፊደል እስኪያሳይ ጠብቃችሁ ሁላችሁም በዚያ ፊደል ሥር ቁሙ።

7. ከጣቢያ እስከ ስታዲየም

ከኤ4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ ብዙ ስታዲየሞች አያስገቡም። ሻንጣውን ማረፊያችሁ አስቀምጡ፤ የጣቢያው የሻንጣ ሳጥኖች በጨዋታ ቀን ቀትር ሳይደርስ ሊሞሉ ይችላሉ። ጀርመን ውስጥ የብዙ ክለቦች የመግቢያ ትኬት ለከተማው ባቡርና አውቶቡስ ጭምር ያገለግላል፤ ትኬቱ ላይ መጻፉን አረጋግጡ እንጂ ሌላ አትግዙ።

መውጫውን ስትገቡ ምረጡት። ሚላን ላይ በሳን ሲሮ ደጃፍ ያለው የኤም5 ሜትሮ ጣቢያ ከጨዋታ በኋላ በወረፋ ይጨናነቃል። 20 ደቂቃ ያህል በእግር ሄዶ ሎቶ ጣቢያ ላይ የኤም1 ሜትሮ መያዝ ብዙ ጊዜ ይቀድማል።

በተለይ የሥራ ማቆም አድማን በሳምንቱ ውስጥ ደጋግማችሁ እዩ። በግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ስታድ ደ ፍራንስ በተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የአር ኢ አር ቢ መስመር በአድማ ሲስተጓጎል ብዙ የሊቨርፑል ደጋፊ በዲ መስመር መጣ፤ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሕዝብ ታመቀ፣ ጨዋታውም ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ተጀመረ። ፈረንሳይ ውስጥ በአድማ ቀን የትኛው ባቡር እንደሚሠራ ከዋዜማው ይገለጻል። ጣልያን ውስጥ ደግሞ በሥራ ቀን አድማ ቢኖርም ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የክልል ባቡሮች አስፈላጊው አገልግሎት ይቀጥላል፤ ጉዟችሁን ወደነዚያ ሰዓቶች አምጡ።

8. ከፊሽካው በኋላ

ስታዲየም ውስጥ ኔትወርክ ይጨናነቃል፤ «እደውልልሃለሁ» አይሠራም። ከመግባታችሁ በፊት ከበሩ ራቅ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ሐውልት ወይም የመንገድ መጋጠሚያ፣ መገናኛ አድርጉ። 30 ደቂቃ ጠብቆ ያልመጣ ሰው በራሱ ወደ ማረፊያው ይሂድ። የማረፊያው አድራሻ በየሰዉ ኪስ በወረቀት ይኑር።

ባቡር ዘግይቶባችሁ ከሆነ የጣቢያውን ሰሌዳ ፎቶ አንሱ፣ ትኬቱንም አትጣሉ። በኅብረቱ ደንብ መሠረት ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ለዘገየ የትኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለዘገየ 50 በመቶ ይመለሳል። እንደ ኃይለኛ ማዕበል ያለ ከኩባንያው አቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲኖር ይህ ካሣ ላይከፈል ይችላል፤ የባቡር ሠራተኞች አድማ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ጥያቄ ከቀረበ ኩባንያው በአንድ ወር ውስጥ መክፈል አለበት፤ ከ4 ዩሮ በታች የሆነውን ላለመክፈል ግን ይፈቀድለታል።