አልበም ስትቀዱ ስሜቱ እንዳይጠፋባችሁ

አልበም ልትሰሩ ያሰባችሁ ድምፃውያን፣ በተለይ የመጀመሪያችሁ የሆነ፣ ይሄ ለናንተ ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ስቱዲዮ ኪራይና ስለ ማይክ ነው፣ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ዘፈኑ መጀመሪያ ሲመጣ የነበረው ስሜት እስከ መጨረሻው ይቆያል ወይ የሚለው ነው፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ግጥምና ዜማ ይገኛል፣ አቀናባሪው ቅንብሩን ይሰራል፣ ድምፃዊው መጨረሻ ላይ ነው ገብቶ የሚዘፍነው፣ እስከዛ ወራት ያልፍና ዘፈኑ ራሱ ሰልችቶታል።

ስለዚህ ጋይዱን አትናቁት። አቀናባሪው እንዲሰራበት ተብሎ ቶሎ የሚዘፈነውን ማለቴ ነው፣ አብዛኛው ሰው በስልክ ይቀዳውና በኋላ ይጥለዋል፣ እኮ ዘፈኑ ገና ትኩስ ሆኖ የተዘፈነው ያኔ ነው! በጥሩ ኮንደንሰር ማይክ (ስቱዲዮ ውስጥ ለድምፅ የሚጠቀሙበት ስስ ማይክ) ቅዱት፣ የትንፋሽ ግፊት የሚከላከለው ፖፕ ፊልተር ይኑር፣ ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቁ፣ የቀረጻው ጥራት 24 ቢት ይሁን፣ የድምፁ ሌቭል መለኪያው ላይ ቀይ አይንካ፣ ከሜትሮኖም (ፍጥነቱን ከሚቆጥርላችሁ ምት) ጋር ይሁን አለዚያ በኋላ ከቅንብሩ ጋር አይገጥምላችሁም።

ኪዩም፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ፣ ያኔውኑ ይወሰን። ከፍ የሚለውን ቦታ ብቻ እያያችሁ አትምረጡ፣ ዝቅ ብላችሁ የምትዘፍኑት ስንኝ ላይ ድምፃችሁ ከጠፋ ኪዩ ልክ አይደለም፣ የሚያስለቅሰው ስንኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዛ ዝቅ ያለው ጋ ነው። ዋሽንት የምታስገቡ ከሆነ ኪዩን ለዋሽንተኛው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ክራርና መሲንቆ ይቃኛሉ፣ ዋሽንት ግን ሲበሳ የተሰጠውን ቅኝት ይዞ ነው የሚኖር፣ ለዛ ነው ተጫዋቹ የተለያየ መጠን ያላቸው ብዙ ዋሽንቶች ይዞ የሚመጣው።

ትዝታ ወይ አምባሰል ከሆነ መግቢያውን ያለ ሜትሮኖም ሂዱበት። መሲንቆ ተጫዋቹ ሌላ ክፍል ይሁን፣ ሁለታችሁም ሄድፎን አድርጋችሁ አንድ ላይ ቅዱ፣ እናንተ ስትጎትቱ እሱ ይጠብቃችኋል፣ ትንፋሽ ስትወስዱ እሱ ይመልስላችኋል፣ ይሄን ለየብቻ ቀድቶ ማምጣት በጣም ከባድ ነው። ሜትሮኖሙ ምቱ ሲገባ ይጀምር።

ዋናውን ድምፅ ስትቀዱ ሀዘን ያለበትን ዘፈን ሶስት አራቴ ዘፍናችሁ ካልሆነ ተዉት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ስንኝ በስንኝ እየቆራረጡ መቀጠል ይቻላል፣ ግን አንድ ሙሉ ቅጂ መሰረት ይኑራችሁ፣ የተበላሸውን ብቻ ተኩበት። ኦቶቱን (የተዛባ ድምፅ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር) ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ሲበዛ ድምፅ የምታርገበግቡበትን ቦታ ጠፍጥፎ ይበላዋል፣ የኛ ዘፈን ግማሽ ውበቱ እኮ እሱ ነው። መሀል ላይ ሁሉም ዘፈን መጥፎ የሚመስልበት ጊዜ ይመጣል፣ ያኔ ምንም አትሰርዙ፣ ብዙ ሰውም አታሰሙ፣ አስር ሰው አስር ነገር ይላችሁና ግራ ይገባችኋል። ለጥቂት ቀን ሳትሰሙት ቆዩ።

የገጣሚና የዜማ ደራሲ ስምምነት ስቱዲዮ ሳይገባ በጽሁፍ ይለቅ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብታቸው የተጠበቀ ነው፣ ሂሳብ ሳይዘጋ ማይክ ፊት ቆሞ ልብን ሰጥቶ መዝፈን ያስቸግራል።

ሚክሲንግ (የተቀዳውን ሁሉ አመጣጥኖ ማዋሃድ) ከመጀመሩ በፊት ጋይዱንና አዲሱን ቅጂ ድምፃቸውን እኩል አድርጋችሁ ዘፈኑን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው አሰሙት፣ የትኛው የቱ እንደሆነ አትንገሩት። ጋይዱን ከመረጠ፣ ለሙሉው ዘፈን ባይሆን እንኳ ለአንድ አዝማች ቢሆን አስገቡት።