የግሪክን አምድ ከእግሩ ጀምሮ ማየት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ አዳዲስ ቪላ ቤቶች በበዙባቸው ሰፈሮች ሲዘዋወሩ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥምዎታል፤ በረንዳውን የተሸከመ ክብ የኮንክሪት ምሰሶ፣ አናቱ ላይ ከጂብሰም የተሠራ የቅጠል ጉንጉን። ባለቤቱን ቢጠይቁት «የግሪክ አሠራር ነው» ይልዎታል። እኔም የግሪክ አምድ ማለት አናቱ ላይ ያለው ጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤ አንገቱን ቀና ያደርግና የአምዱን ራስ አይቶ ፍርድ ይሰጣል።

ከአምዱ ራስ መጀመር

ሁላችንም የያዝናት አጭር ትምህርት አለች። ራሱ እንደ ሳህን የተዘረጋውና ጌጥ የሌለው ዶሪክ ነው፤ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለው አዮኒክ፣ ቅጠል የለበሰው ደግሞ ኮሪንቲያን። ትምህርቷ ውሸት የለባትም። ነገር ግን ፍርስራሽ መካከል ሲቆሙ ብዙ አትረዳም፤ የብዙዎቹ አምዶች ራስ ወድቋል፣ ወይም ሙዚየም ገብቷል።

ስለዚህ ከእግሩ ይጀምሩ። የግሪክ ዶሪክ አምድ መቀመጫ የለውም፤ ባዶ እግሩን እንደቆመ ሰው በቀጥታ ከቤተ መቅደሱ ወለል ላይ ይነሣል። አዮኒክና ኮሪንቲያን ግን ከሥራቸው ተደራራቢ የድንጋይ ቀለበት አላቸው። ቀጥለው ጎኑን ይዩ። ከላይ እስከ ታች የተቦረቦሩት ቦዮች በዶሪክ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሲሆኑ፣ ሁለቱ ቦዮች የሚገናኙበት ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት የሾለ ነው። በአዮኒክ ግን ቦዮቹ አብዛኛውን ጊዜ 24 ናቸው፤ በአንዱና በሌላው መካከልም ጠፍጣፋ ቀጭን ጥብጣብ ይቀራል። ይህን የያዘ ሰው ጉልበቱ ድረስ ብቻ የቀረ ስባሪ ቢያይ እንኳ ምን እንደነበረ ይናገራል።

በመጨረሻ ከራሱ በላይ ያለውን ይመልከቱ። በዶሪክ ሕንፃ ከአግዳሚው ድንጋይ በላይ ሦስት ቁም መስመር ያለው ትሪግሊፍና አራት ማዕዘኑ ሜቶፕ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። አዮኒክ ላይ ያልተቆራረጠ የቅርጽ መቀነት ወይም እንደ ጥርስ የተደረደሩ ጉጦች ያገኛሉ።

ኮሪንቲያንን ቆሮንቶስ ላይ መፈለግ

ስሙ ከቆሮንቶስ ከተማ የመጣ ስለሆነ ስህተቱ ይቅር ይባላል። ነገር ግን በጥንታዊቷ ቆሮንቶስ ዛሬም ቆመው የሚታዩት የአፖሎ ቤተ መቅደስ 7 አምዶች ዶሪክ ናቸው፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠሩ፣ ወፍራምና ድፍን። እስካሁን የታወቀው ጥንታዊው የኮሪንቲያን አምድ የነበረው በፔሎፖኔዝ ተራሮች ላይ፣ ባሳይ በሚባለው ስፍራ ነው።

የኮሪንቲያንን አመጣጥ ታሪክ ያወረሰን ሮማዊው የሕንፃ ጸሐፊ ቪትሩቪየስ ነው። አንዲት የቆሮንቶስ ልጃገረድ ሞተች፤ ሞግዚቷ የልጅቷን ዕቃዎች በቅርጫት ሰብስባ መቃብሯ ላይ አኖረችና በጣሪያ ሸክላ ከደነችው። ከሥሩ አካንቱስ የሚባል ተክል ሥር ነበረና በጸደይ ቅጠሉ ቅርጫቱን ከብቦ አደገ፤ ሸክላው ሲጫነውም ጫፉ ተጠቀለለ። ካሊማኮስ የተባለ ቀራፂ በዚያ ሲያልፍ አይቶ በድንጋይ ቀረፀው። ቆንጆ ታሪክ ነው፤ ግን ቪትሩቪየስ የጻፈው ነገሩ ሆነ ከተባለበት ዘመን 400 ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሆነ እንደ ተረት ይያዙት። ቅጠሉ ግን እውነተኛ ነው። በአገራችን ደጋ ቀይ አበባ የሚያወጣው እሾሃሙ ኮሸሽላ የአካንቱስ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን አንድ ጊዜ ቀርበው ካዩት የአምዱ ራስ እንግዳ አይሆንብዎትም።

ሦስቱን እንደ ሦስት ተከታታይ ዘመን መቁጠር

ዶሪክ አርጅቶ አዮኒክን፣ አዮኒክም ኮሪንቲያንን አልተካም። ዶሪክ በዋናው የግሪክ ምድርና በምዕራብ፣ በሲሲሊና በደቡብ ጣሊያን ሠፈሮች ሲያድግ፣ አዮኒክ በኤጅያን ደሴቶችና በታናሽ እስያ ዳርቻ አደገ። በኤፌሶን የነበረው ግዙፉ የአርጤምስ ቤተ መቅደስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአዮኒክ ሲሠራ፣ በማዶ ያሉት በዶሪክ ይሠሩ ነበር። ዘግይቶ የመጣው ኮሪንቲያን ብቻ ነው። እሱም መጀመሪያ በውስጥ ክፍል ተወስኖ ቆየና ከደጅ ሲወጣ ከምናውቃቸው ቀደምት ማሳያዎች አንዱ አቴና የሚገኘው ትንሹ የሊሲክራቴስ ሐውልት ሆነ፤ ዘመኑ 334 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው።

አንድ ሕንፃ አንድ ስልት ብቻ አለው ማለት

ባሳይ ያለው ቤተ መቅደስ ለዚህ በቂ መልስ ነው፤ ከውጭ ዶሪክ፣ ከውስጥ አዮኒክ፣ ከዚያም ያ አንድ ኮሪንቲያን። የዶሪክ ምሳሌ ተብሎ የሚጠራው፣ አቴና ያለው ቤተ መቅደስ ፓርቴኖን እንኳ በውስጠኛው ግንብ ላይ 160 ሜትር የሚረዝም የአዮኒክ የቅርጽ መቀነት አለው።

አምዱ ቀጥ ያለ፣ ክፍተቱም እኩል ነው ብሎ ማሰብ

የጂብሰም አምድ ከእውነተኛው የሚለየው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው። የፓርቴኖን አምድ 10.4 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀጥናል። አቀጣጠኑ ግን በቀጥታ መስመር አይደለም፤ ጎኑ 2 ሴንቲሜትር እንኳ በማይሞላ ልክ ለስለስ ብሎ ያብጣል። አምዶቹ በሙሉ 7 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ወለሉም መሐሉ ላይ ከፍ ይላል። የማዕዘኖቹ አምዶች ከሌሎቹ በ4 ሴንቲሜትር ያህል ይወፍራሉ፤ ቪትሩቪየስ ምክንያቱን ሲናገር ከበስተኋላቸው ክፍት ሰማይ ስላለ ለዓይን ቀጭን ይመስላሉ ይላል።

ክፍተቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሕጉ ትሪግሊፍ በእያንዳንዱ አምድ መሐል አናት ላይ ይዋል ይላል፤ እንዲሁም የመጨረሻው ትሪግሊፍ የሕንፃውን ማዕዘን ይያዝ ይላል። ሁለቱ ማዕዘን ላይ አይስማሙም። አግዳሚው ድንጋይ ከትሪግሊፉ ስለሚሰፋ የማዕዘኑ አምድ መሐል ከጠርዙ ገባ ብሎ ይውላል፤ ትሪግሊፉን እስከ ጠርዙ ከገፉት ደግሞ ከጎኑ ያለው ሜቶፕ ተለጥጦ ይቀራል። የግሪክ ግንበኞች ለዚህ ያገኙት መላ የማዕዘኑን አምድ ወደ ጎረቤቱ ማስጠጋት ነበር። በፓርቴኖን የማዕዘኑ ክፍተት ከሌሎቹ በ60 ሴንቲሜትር ያህል ይጠብባል። ፎቶግራፍ ካለዎት አሁን አውጥተው ይዩት፤ አንድ ጊዜ ካዩት በኋላ አለማየት አይቻልም። አዮኒክም ከማዕዘን ጣጣ አላመለጠም፤ ጥቅልሉ ፊትና ጎን ስላለው፣ የማዕዘኑ ራስ በሁለቱም የውጭ ገጾቹ ጥቅልል እንዲያሳይ አንዱን ጥቅልል ወደ ሰያፍ ማጠፍ ግድ ሆነ። ኮሪንቲያን ግን በአራቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው።

አምዱን አንድ ወጥ ድንጋይ አድርጎ መገመት

የቆሮንቶሶቹ 7ቱ በእርግጥ ወጥ ናቸው። አብዛኞቹ ትልልቅ አምዶች ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው። በየድንጋዩ መሐል አራት ማዕዘን ጉድጓድ ተቆፍሮ የእንጨት መሰኪያ ይገባበታል፤ ያ ነው የላይኛውን ከታችኛው ጋር መሐል ለመሐል የሚያገናኘው። ቦዮቹ የሚቦረቦሩት አምዱ ከቆመ በኋላ ነው፤ ቀድመው ቢቦረቡሯቸው ስለታቸው በማንሣቱ ጊዜ ይሸረፍ ነበር። ሲሲሊ ውስጥ ሴጄስታ ላይ ሥራው መሐል ላይ የቀረ ቤተ መቅደስ አለ፤ 36ቱም አምዶች ልሙጥ ናቸው፣ በደረጃዎቹ ላይም ድንጋዩ የተነሣባቸው ጉጦች ሳይላጩ ቀርተዋል። ብዙ ጎብኚ ይህን አይቶ «ቦይ የሌለው ልዩ ስልት» ይለዋል።

ነጭ ነበሩ፣ የሴት ሐውልቶቹም ራሱን የቻለ ስልት ናቸው ማለት

ነጭ አልነበሩም፤ ትሪግሊፉ ሰማያዊ፣ ከቅርጾቹ ጀርባ ያለው ቀይ ይቀባ ነበር። አቴና ባለው የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ በረንዳ ላይ ጣሪያ የተሸከሙት 6ቱ የሴት ሐውልቶችም አራተኛ ስልት አይደሉም፤ በአምድ ቦታ የቆሙ ቅርጾች ናቸው፣ የሕንፃው ስልት አዮኒክ ነው። ቱስካንና ኮምፖዚት የሚባሉት ስልቶች ደግሞ የሮማውያን ናቸው።

የአንድ ቤተ መቅደስ አምዶች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ማለት

ኦሊምፒያ ላይ ያለው የሄራ ቤተ መቅደስ በ600 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሠራ አምዶቹ ከእንጨት እንደነበሩ ይታመናል። አንዱ ሲበሰብስ በድንጋይ ተተካ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላው፤ እያንዳንዱ የተተካው በየዘመኑ ልማድ ስለነበር ውፍረታቸውም የአናታቸው ቅርጽም ይለያያል። ሁሉም ዶሪክ ናቸው። ጳውሳንያስ የተባለው ግሪካዊ ተጓዥ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ ቦታውን ሲጎበኝ፣ በጀርባው በረንዳ ከነበሩት ሁለት አምዶች አንዱ ገና የባሉጥ ግንድ ነበር።