የፒካፕ ፎር ዊል አልገባ ሲል፦ ትራንስፈር ከማስፈታት በፊት

እኔ ጅማ ውስጥ ከጌራና ከጎማ ወረዳ እሸት ቡና ጭኜ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ አመላልሳለሁ። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ አደረ ማለት የገበሬው የዓመት ልፋት አደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ፎር ዊሉን መስከረም ላይ፣ ለቀማው ሳይጀምር እፈትሻለሁ።

ብዙ ሰው ፎር ዊል አልገባ ሲለው በቀጥታ ትራንስፈሩን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ያስፈታል። ትልቁ ወጪ እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ እሱ ጋ አይደለም። ችግሩ የት እንዳለ ለመለየት አንድ ክሪክ፣ ባትሪ መብራትና አንድ ረዳት ይበቃሉ።

ከሁሉ በፊት አገባቡ ትክክል መሆኑን እዩ። ኤች ፎር (ፈጣኑ ፎር ዊል) ሲገባ መሪው ቀጥ ይበል፣ ነዳጅ መስጫውን ልቀቁ። የኋላ ጎማ ጭቃ ውስጥ እየተሽከረከረ ማስገባት ጥርስ ይሰብራል። ኤል ፎር (ዝግ ያለው፣ ጉልበት የሚጨምረው) ከሆነ መኪናው ይቁም፣ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ይረገጥ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ኤን (ዜሮ) ላይ ይሁን። ገብቶ አልወጣ ያለ እንደሆነ ደግሞ ምናልባት አስፋልት ላይ ተነድቶ ዘንጎቹ ተወጥረው ይሆናል። ቀጥ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፣ ይለቃል።

አገባቡ ልክ ሆኖ እምቢ ካለ፣ መኪናችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። የድሮዎቹ ሃይሉክሶች የፊት ጎማ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር ሀብ አላቸው፤ ፍሪ (የተለቀቀ) እና ሎክ (የተቆለፈ) ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለቱም ጎን ሎክ ላይ ካልሆነ ውስጥ ያለው ማንሻ ቢገባም የፊት ጎማ አይጎትትም። አዳዲሶቹ ይህ የላቸውም። የፊት ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ጋ ያለ ማገናኛ በቫኩም፣ ማለትም በቱቦ በሚሳብ አየር፣ ወይም በትንሽ ሞተር ራሱ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። መኪናውን ልል አፈር ላይ ኤች ፎር አስገብታችሁ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብላችሁ ንዱት። ከዚያ ደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙት። ሞተሩን አጥፉ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ተዉት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎች ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና ጠንካራ መደገፊያ አስገቡለት። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር ማንም አይግባ። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልደራደርም። ከጎን ሆኖ በመብራት ማየት ይበቃል።

ረዳቱ የተነሳውን ጎማ በእጁ ያዙር፣ እናንተ ሥሩን እዩ። ጎማው ትንሽ ላላ ብሎ ቀጥ ካለ ፎር ዊሉ ገብቷል ማለት ነው፤ ዳሽቦርድ ላይ መብራቱ ባይበራ እንኳ ችግሩ የመብራቱ ወይም የሴንሰሩ ነው። ጎማው እየዞረ ከዲፈረንሻሉ ወደ እሱ የሚመጣው አክስል ከቆመ ጥፋቱ የዚያው ጎን ሀብ ነው። ጎማውም አክስሉም ዞረው፣ ከትራንስፈሩ ወደ ፊት የሚሄደው ረጅሙ ካርዳን ከቆመ፣ ወይ የሌላኛው ጎን ሀብ አልያዘም፣ ወይ የዲፈረንሻሉ ማገናኛ አልገባም። ካርዳኑም አብሮ ከዞረ ትራንስፈሩ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ለመፍታት አትቸኩሉ፤ ትእዛዙ እስከ ትራንስፈሩ መድረሱ ገና አልታወቀም።

ሀብ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። መዞሪያውን በፒንሳ አታስገድዱት፣ ይሰበራል። መኪናውን ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጋችሁ በእጅ ሞክሩ። እምቢ ካለ የክዳኑን ቡሎኖች ፈቱ። በእኛ አካባቢ የማየው አንድ ዓይነት ነው፦ ውሃ ገብቶ ዝጓል፣ ወይም አንድ ሰው አዝንላችኋለሁ ብሎ ወፍራም ግራሶ ጠቅጥቆበታል። ግራሶ ሲበዛ ተንሸራታቹ ቁራጭ ቦታው አይደርስም። በናፍጣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ክዳኑ ሲመለስ ጋርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ደህና ይሁን፣ አለበለዚያ ቀጣዩ ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ተመልሶ ይገባል።

ቫኩም ላይ ላቆያችሁ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። የወንድሜ ልጅ ፒካፕ ፎር ዊሉ ጠፍቶበት አንድ ጋራዥ ወሰደው። «ትራንስፈሩ ይውረድ» አሉት። ደውሎ «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» ሲለኝ፣ ምንም ሳታስነካ አምጣው አልኩት። ፈተናውን ስንሠራ ካርዳኑ ቆሞ አክስሉ ብቻ ዞረ። ወደ ፊት ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ቀጭን ጎማ ቱቦ በጣቴ ተከትዬ ሄድኩ። ባትሪው አጠገብ፣ ከብረቱ ጋር በሚጣበቅበት ጫፍ፣ ሙቀት አድርቆት ተሰንጥቋል። ጫፉን ቆርጠን መልሰን ሰካነው። ሞተሩ ተነስቶ ማብሪያውን ሲጫን ማገናኛው ቷ ብሎ ገባ።

ቱቦው ሁሉ ደህና ከመሰለ ሌላ መንገድ አለ። ቱቦውን ከማገናኛው ላይ ንቀሉ፣ ንጹሕ ቱቦ ሰክታችሁ በአፍ ሳቡ። ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ትንፋሹን ከያዘ ማገናኛው ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ከእሱ በፊት ነው። አየር የሚያሳልፍ ከሆነ ውስጡ ያለው ሽፋን ተቀዷል።

አሁን ወደ ትራንስፈሩ ትእዛዝ። በማብሪያ የሚታዘዝ ከሆነ ቁልፉን ከፍታችሁ ረዳቱ ማብሪያውን ሲያዞር ጆሮ ስጡ። ከሥር የትንሽ ሞተር ድምፅ መሰማት አለበት። ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ሶኬት። ሶኬቱን ነቅላችሁ እዩት፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። አጽዱና በቴስተር ኤሌክትሪክ መድረሱን ለኩ። የሚንፏቀቅ ድምፅ እያለ የማይገባ ከሆነ፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም እያለ የማያቆም ከሆነ፣ ሞተሩ እየሞከረ መጨረስ አቅቶታል። ደካማ ባትሪም እንዲህ ያደርጋል፣ እሱን አስቀድሙ።

በማንሻ የሚሠራ ከሆነ ከማንሻው ሥር ያለውን መገጣጠሚያ እዩ። ማንሻው ያለ ምንም ክብደት ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ቡሹ (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ቀለበት) አልቋል ወይም ዘንጉ ወልቋል። ጭቃ ደርቆ የሚያስረውም አለ፤ በውሃና በእንጨት ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል።

ጎማም አትርሱ። አራቱም አንድ ልክ ይሁኑ። ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ ጎማ ካለ ዘንጎቹ ሁልጊዜ ስለሚወጠሩ መግባትም መውጣትም ይከብዳል።

ቶዮታ በመመሪያ መጽሐፉ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል ንዱ ይላል። እኔ በጋ ላይ እንኳ ኮረኮንች ላይ አደርገዋለሁ። ዘይቱ ካልተንቀሳቀሰ የፊተኛው ክፍል ይደርቃል፣ ይይዛል።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ትእዛዙ ደርሶ ካርዳኑ አሁንም በነፃ ከዞረ፣ ያኔ ትራንስፈሩ ይፈተሻል። ከመውረዱ በፊት ግን የዘይቱን መፍሰሻ ቡሎን አስከፍታችሁ ራሳችሁ እዩ። ማግኔቱ ላይ ስስ ጥቁር ልስልስ ነገር መኖሩ የተለመደ ነው። የብረት ስብርባሪ ካለበት ግን አስወርዱት፣ ፎቶም አንሱ። ሠራተኛው ምን እንደተካ ሲነግራችሁ አሮጌውን ዕቃ ከፎቶው ጋር ታስተያያላችሁ።