ስለ ማኅበራዊ ድጋፍና ከድህነት ስለመውጣት በሚደረግ ክርክር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ድጋፍ ሰው ያሰንፋል» የሚለውም፣ «በጀቱ ቢጨመር ድህነት ይጠፋል» የሚለውም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ስለ ተረጂው ጠባይ ይከራከራሉ እንጂ የፕሮግራሙን ደንብ አያነቡም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተረጂዎች መዝገብ መውጣትን ከድህነት መውጣት አድርጎ መቁጠር

አሜሪካ በ1996 ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ስትለውጥ፣ በፌዴራል ገንዘብ መረዳት በጥቅሉ ከ60 ወር እንዳያልፍ ገደብ አበጀች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተረጂው ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ሥራ የያዙ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችም በእርግጥ በዝተዋል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ኢኮኖሚው ደርቶ ነበር፤ ዝቅተኛ ደመወዝተኞች የሚያገኙት የግብር ተመላሽም በ1993 ሰፍቶ ነበር። የሦስቱን ድርሻ ሳይለዩ ውጤቱን ለአንዱ መስጠት አይቻልም። መጠየቅ ያለበት ከመዝገብ የወጡት ሰዎች ገቢ ስንት ሆነ የሚለው ነው።

ድጋፉን ከስሌት አስወጥቶ «አልሠራም» ማለት

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1988፣ መንግሥት በድጋፍ ፕሮግራሞች በድህነት ላይ ባወጀው ጦርነት ያሸነፈው ድህነት ነው ብለው ነበር። የአሜሪካ ይፋዊ የድህነት መለኪያ ግን የሚቆጥረው ከግብር በፊት የተገኘን ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው፤ የምግብ ድጋፍና የግብር ተመላሽ አይገቡበትም። እነዚህን በሚያስገባው ተጨማሪ መለኪያ የሕፃናት ድህነት በ2021 ወደ 5.2 በመቶ ወርዶ ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ ለቤተሰቦች የተጨመሩት ክፍያዎች ሲቋረጡ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ወጣ።

ሳያሰሉ «መሥራት አይፈልጉም» ማለት

እኛ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚወቀሰው ደንቡ ባመጣው ችግር ነው። ስሌቱ አይከብድም። ቤተሰቡ የሚያገኛቸውን ድጋፎች ሁሉ ይዘርዝሩ። ገቢው በ100 ሲጨምር ከእያንዳንዱ ስንት እንደሚቀነስ ይጻፉ፤ ከዚያ ይደምሩ። ከምግብ ድጋፍ 30፣ ከቤት ኪራይ ድጋፍ 30፣ ለግብር 10 ቢሄድ በእጅ የሚቀረው 30 ነው። ትራንስፖርትና የልጅ ማቆያ 35 ከፈጀ፣ ሥራው 5 አከሰረ ማለት ነው። የገቢ ጣሪያው ሲታለፍ ባንዴ የሚቋረጥ ድጋፍ ካለበት ደግሞ ኪሳራው ይብሳል።

መድኃኒቱ ቅነሳውን ማለስለስ ነው፤ እሱም በነፃ አይገኝም። 300 የሚሰጥ ድጋፍ በ60 በመቶ ሲቀነስ ገቢ 500 ላይ ያበቃል፤ በ30 በመቶ ሲቀነስ ግን እስከ 1,000 ይዘልቃል፤ ተጠቃሚውም በጀቱም ይጨምራሉ። እውነተኛው የፖለቲካ ምርጫ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ስለዚህ ብዙም አያነሱም።

የአንድ ቀን ቆጠራን የዓመት አድርጎ ማቅረብ

10 ቦታ ያለው ፕሮግራም እንውሰድ። 8 ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይቆያሉ፤ በቀሩት 2 ቦታዎች በየወሩ አዲስ ሰው ይተካል። በአንድ ቀን የቆጠረ ሰው 80 በመቶው ቋሚ ተረጂ ነው ይላል። የዓመቱን መዝገብ ያየው ደግሞ 32 ሰዎች አግኝቶ ቋሚዎቹ ሩብ ብቻ ናቸው ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። አብዛኛው በጀት የሚሄደው ለ8ቱ ስለሆነ ሕክምናና ሥልጠናው እነሱ ላይ ማተኮር አለበት፤ 24ቱን የሚጠቅማቸው ክፍያው ቶሎ መድረሱ ነው።

የአንዱን አገር ውጤት ለሌላው መስጠት

በ6 ታዳጊ አገሮች የተደረጉ 7 የጥሬ ገንዘብ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲተነተኑ ሰዎች ሥራ መቀነሳቸው በወጥነት አልታየም። አሜሪካ ውስጥ ከ1968 እስከ 1982 በተካሄዱት የተረጋገጠ ገቢ ሙከራዎች (የቤተሰብ ገቢ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይወርድ መንግሥት የሚሞላባቸው) ግን የሥራ ሰዓት በመጠኑ ቀንሷል። የሚመቸውን ብቻ መርጦ መጥቀስ አንባቢን ማሳሳት ነው።

የማይገባው ያገኘውን ብቻ መቁጠር

ድጋፍ የማይገባው ሰው ማግኘቱ ስህተት እንደሆነ ሁሉ፣ የሚገባው ሆኖ ሳያገኝ መቅረቱም ስህተት ነው። ማጣሪያው በጠበቀ ቁጥር የመጀመሪያው ስህተት ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ይጨምራል፤ ማስረጃ የጎደለው፣ ቀጠሮ ያመለጠው፣ ቅጽ መሙላት ያቃተው ይወድቃል። ስለ ማጭበርበር ቁጥር የሚያቀርብ ተከራካሪ የቀሩትንም ቁጥር ጎን ለጎን ያቅርብ።