ጣሪያው የሚከፈት ስፖርት መኪና ሲያንገጫግጭ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ስፖርት መኪና ሲያንገጫግጭ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሾክ አብዞርበሩ ነው። ጣሪያው በሚከፈት መኪና ላይ ግን ተጠርጣሪው ብዙ ነው። ጎማ፣ ሞላ፣ ጎሚኒ (ብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ የሚገባው ላስቲክ)፣ አንዳንዴም ቦዲው ራሱ። በግምት ዕቃ መቀየር ከጀመራችሁ ኪሳችሁ ይራቆታል እንጂ መኪናው ያው ነው። ከምልክቱ እንነሳ።

መስታወቱና መሪው ይንቀጠቀጣል

መጀመሪያ መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ ለዩ። ለጥ ባለ አስፋልት ላይ፣ ፍጥነቱ 100 ገደማ ሲደርስ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የጎማ ባላንስ ነው። ባላንስ አሠሩና ተገላገሉ። በዝግታም ሆነ በፍጥነት፣ መንገዱ ሲጎረብጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ቦዲው እየተጠማዘዘ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌላ ሰው ይንዳና እናንተ ጎን ተቀመጡ። ጣታችሁን በሩና ቦዲው በሚገናኙበት ክፍተት ላይ፣ ግማሹን በሩ ላይ ግማሹን ቦዲው ላይ፣ አሳርፉ። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሁለቱ ጠርዞች ለየብቻ ሲንቀሳቀሱ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ያው መንገድ ላይ ጣሪያውን ዘግታችሁ ድገሙት። በተለይ ጣሪያው ጠንካራ ብረት ከሆነ ልዩነት ሊኖረው ይችላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተለመደው መኪና የፊቱን ከኋላው ጋር አስሮ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ጣሪያው ነው። እሱ ሲነሳ ሸክሙ በሙሉ ወለሉና ከበሩ ሥር ያለው ብረት ላይ ይወድቃል። ከመጀመሪያው ያለ ጣሪያ የታሰቡ መኪኖች በዚህ በኩል ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሆንዳ ኤስ2000 ለዚሁ ሲባል ወፍራም የመሀል አጥንት ተሠርቶለታል። ከዝግ መኪና ላይ ጣሪያው ተቆርጦ የተሠሩት ግን ብረት ተጨምሮላቸውም፣ ክብደታቸው ከፍ ብሎም፣ መንቀጥቀጡ ጨርሶ አይለቃቸውም።

መፍትሄው ከመኪናው ሆድ ሥር ይጀምራል። ብዙዎቹ ወለሉን አቋርጠው የሚያልፉ ማጠናከሪያ ብረቶች አሏቸው። ለጭስ ማውጫ ወይም ለካምቢዮ ሥራ ሲባል ይፈታሉ። ከዚያ አንዱ ሳይመለስ ይቀራል፤ ወይም ብሎኑ በደንብ ሳይጠብቅ። «ትርፍ ብረት ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ሁሉም ቦታቸው መኖራቸውን፣ ብሎኖቹም በፋብሪካው ልክ መጥበቃቸውን አይታችሁ ነው ተጨማሪ ማጠናከሪያ የሚታሰበው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መኪናው ሲንቀጠቀጥ ጠንካራ ሞላ መግጠሙ ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሞላው ሲጠነክር ያልዋጠው ምት በሙሉ ወደ ቦዲው ይሄዳል። ቦዲው ደግሞ እንደ ሞላ ይለመጣል፣ ግን መልሶ የሚያረጋጋው ሾክ የለውም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ለስለስ ያለ ሞላና ጥሩ ሾክ አብዞርበር ይበጃል ባይ ነኝ። ምቾት ብቻ አይደለም፤ ጎማው አስፋልቱን ሳይለቅ ስለሚቆይ አያያዙም ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሎተስ ኤሊዝ ክብደቱ ከ750 ኪሎ በታች ስለነበር ሞላው ደረቅ መሆን አላስፈለገውም።

ትንሿ ስንጥቅ ሁሉ ወገብ ትመታለች

ጎማው ጋ ሂዱ። ንፋሱን መኪናው ከመነዳቱ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩት። ጎማው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ በ0.1 ባር ያህል ይጨምራል። ልኩ የበሩ ምሰሶ ላይ ወይም የነዳጅ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ከፍተኛው መጠን ነው እንጂ መሞላት ያለበት አይደለም።

ራንፍላት ጎማ ከሆነ ግን ንፋስ ማስተካከሉ ብዙም አይረዳም። ንፋስ አልቆ በአብዛኛው እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ ከ80 ባልበለጠ ፍጥነት እንዲሄድ ጎኑ ወፍራም ሆኖ ተሠርቷል። ያ ወፍራም ጎን ነው የሚመታችሁ። እንደ መጀመሪያው ቢኤምደብሊው ዜድ4 ያሉ መኪኖች ባለቤቶች ወደ ተራ ጎማ ሲቀይሩ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማቸዋል። መጠባበቂያ ጎማ ላይኖር ስለሚችል ግን የጎማ መጠገኛና መንፊያ መያዝ ግድ ነው። ትልቅ ቸርኬም ያው ነው፦ የጎማው ጎን ያጥራል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ለዓይን ያምራል፤ ለወገብ አይሆንም።

መኪናው ዝቅ ከተደረገ በኋላ «ዷ» ይላል

ሾኩ የሚታመቅበትን ርቀት ጨርሶ ዘንጉ ላይ ያለው ማቆሚያ ላስቲክ ላይ እያረፈ ነው። ለማረጋገጥ የሾኩ ዘንግ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩና ወደ ታች፣ እስከ ሾኩ አናት አውርዱት። በለመዳችሁት መንገድ ነድታችሁ ተመለሱና እዩ። ማሰሪያው እስከ ማቆሚያው ተገፍቶ ከሄደ ነገሩ ተገኘ። መኪናውን ከፍ አድርጉ፣ ወይም ለዚያ ከፍታ የተሠራ ሾክ ከነሞላው ግጠሙ። ሞላ የሚቆርጥ ጋራዥ ካያችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አዲስ ዕቃ ተገጥሞም ደረቅ ሆነ

ይሄ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። መኪናው ተነሥቶ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ብሎን ከጠበቀ፣ ጎሚኒው በዚያው አቋም ይታሰራል። መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀመጣል። አካሄዱ ይደርቃል፤ ጎሚኒውም ሳይቆይ ይቀደዳል። ብሎኖቹን አላልተው፣ ክብደቱ ጎማዎቹ ላይ አርፎ፣ መኪናው ወዲያ ወዲህ ተገፍቶ እንደገና ይጠብቁ። ጎሚኒው የፖሊዩሪቴን ከሆነ ግን ጸባዩ ነው፤ ከጎማ ይደርቃል።

የሚስተካከል ሾክ አለኝ፣ ግን ተከታታይ ጉብታ ላይ ይከብደዋል

የመመለሻው ማስተካከያ፣ ማለትም ሾኩ ከታመቀ በኋላ ሲዘረጋ የሚይዘው፣ በዝቷል። ሞላው ተመልሶ ሳይዘረጋ ቀጣዩ ጉብታ ይደርስበታል፤ መኪናው እየሰመጠ ይሄዳል። ወደ ለስላሳው ጫፍ መልሱና ሁለት ሁለት ክሊክ እየጨመራችሁ ነድታችሁ እዩ።

በተቃራኒው ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚናጥ ከሆነ ሾኩ ሞቷል። ዘይት ማንጠባጠቡን እዩና በአንድ አክስል ያሉትን ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ።

ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅስ?

ጣሪያው ሲዘጋ ብቻ ከተሰማ ሰስፔንሽኑን አትንኩ። የበርና የጣሪያ ጎሚኒዎችን አጽዱና ሲሊኮን ቀቡ። ግራሶ አትቀቡ፣ ጎማውን ይበላዋል። የጣሪያው መቆለፊያም ላልቶ ከሆነ ይጥበቅ።