ለፖሊሲ ውሳኔ የባለሙያ ግምገማን እንዴት እንጠይቅ፣ እንዴትስ እንጠቀምበት

በአራት ኪሎና በቀበና መካከል በሚወርደው በግንፍሌ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎችን ከክረምት ጎርፍ እንዴት እንጠብቅ የሚል ጥያቄ ለአንድ የመንግሥት ቢሮ ቀረበ እንበል። የዝናብ መዝገብ ይገኛል። በወንዙ ዳር ስንት ሰው እንደሚኖር ግን በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል፤ የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነውና። መረጃው እስኪሟላ ቢጠበቅ ክረምቱ ይቀድማል፤ ስለዚህ ባለሙያዎች ከሚያውቁት ተነሥተው የሚሰጡትን ግምት በሥርዓት ሰብስቦ ለውሳኔ ማዋል የግድ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥራ ለሚያስተባብር የቢሮ ሠራተኛ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄውን ይቅረጹ። ብዙ ጊዜ በቢጋሩ (ሥራውን በሚዘረዝረው ሰነድ) ላይ የሚሰፍረው «የወንዝ ዳር ጎርፍን ለመከላከል የሚያስችል ምክረ ሐሳብ ይቅረብ» የሚል ነው። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መሐንዲሱ የድጋፍ ግንብ፣ የአካባቢ ባለሙያው የዛፍ ተከላ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያው ነዋሪዎችን ማንሣት ይመክራል፤ ውሳኔ ሰጪው ግን ካለበት ፈቅ አይልም። የሚጠቅመው ጥያቄ የሚቆጠር መልስ ያለው ነው፦ «በመጪው ክረምት፣ ሁሉም ነገር አሁን ባለበት ቢቀጥል፣ በዚህ ካርታ ላይ ከተመለከቱት ቤቶች ውሃ የሚገባባቸው ስንት ናቸው? የወንዙ ደለልና ቆሻሻ ቢጠረግስ? ግንቡ ቢሠራስ?» የትኛው አማራጭ ይመረጥ የሚለውን ለባለሙያ አይስጡ። አንድን ቤተሰብ ከዕድሩና ከገበያው አንሥቶ ከከተማው ዳር ማስፈር የሚያመጣውን ጉዳት ከጎርፉ ስጋት ጋር ማመዛዘን የኃላፊው ሥራ ነው፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነልም ሪፖርቶቹ ለፖሊሲ የሚጠቅሙ እንጂ ፖሊሲ የሚያዝዙ እንዳይሆኑ የሚጠነቀቀው ለዚህ ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም የራሱ ወጥመድ አለው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ ዝናቡ የሚበረታው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ውሃው ደርሷል ማለት ነው። ከክረምት በፊት የሚሠራ ሥራ በተያዘው ዓመት በጀት መሸፈን ስላለበት፣ ግምገማው ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ታኅሣሥ ያልቅ ዘንድ ያስፈልጋል።

ለአብዛኛው ጉዳይ ከ7 እስከ 12 ባለሙያዎች ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። ከአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የውሃ ምሕንድስና መምህር፣ ከሜትሮሎጂ የዝናብ ትንበያ ባለሙያ፣ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ ወርዶ የሚያስከፍት ቴክኒሻን፣ እንዲሁም ውሃው በየትኛው ዓመት የማንን ደጃፍ እንዳለፈ የሚያስታውስ የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ቢኖሩበት መልካም ነው። የመጨረሻው ሰው ዲግሪ የለውም ተብሎ መቅረት የለበትም። ግንቡን ሊሠራ ለሚችል ተቋራጭ በአማካሪነት የሚሠራ ሰው ካለ ግንኙነቱን በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የግድ አይሰናበትም፣ ግምቱ ሲነበብ ግን ይህ አብሮ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለሙያዎቹን አንድ አዳራሽ ሰብስቦ «እስቲ ሐሳባችሁን ስጡን» ማለት ከሁሉ የከፋው አሠራር ነው። ከዓመታት በፊት በተገኘሁበት አንድ ስብሰባ ላይ አንጋፋው ፕሮፌሰር በክብር ቀድመው እንዲናገሩ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ የተነሣው ሁሉ «ፕሮፌሰር እንዳሉት» ብሎ ጀመረ። በሻይ ዕረፍት ላይ ግን ሦስት ወጣት ባለሙያዎች ቁጥሩ እጅግ የተጋነነ ነው ሲሉ ሰማሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «በሙሉ ድምፅ» የሚል ነበር። ታላቅን ማክበራችን መልካም ባህል ነው፤ የግምት መሰብሰቢያ ሲሆን ግን ዕውቀት ያስቀራል።

መፍትሔው ከቆየ ዘዴ ይገኛል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ራንድ በተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም የተቀረጸው ዴልፊ የተሰኘ አሠራር ባለሙያዎች ሳይገናኙ፣ ስማቸው ሳይገለጥ በጽሑፍ እንዲመልሱ ያደርጋል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፦ ጥያቄውንና ያለውን መረጃ ለሁሉም እኩል ይላኩ፤ መልሶቹን ከነምክንያታቸው ሰብስበው ስም ሳይጠቅሱ ለሁሉም መልሰው ያሳዩ፤ ከዚያም እንዲያሻሽሉ ወይም በነበሩበት እንዲጸኑ ዕድል ይስጡ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዙር ይበቃል። በአካል መገናኘት ካስፈለገ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ይሁን፤ በስብሰባውም ላይ ታናሹ ቀድሞ ይናገር።

ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጠላ ቁጥር አይቀበሉ። ዝቅተኛው ስንት ሊሆን ይችላል፣ ከፍተኛውስ ስንት፣ ከዚያ በኋላ የሚያምኑበት ስንት ነው ብለው በዚሁ ቅደም ተከተል ይጠይቁ። ባለሙያ ሁሉ ከሚገባው በላይ በራሱ ግምት መተማመኑ የታወቀ ስለሆነ፣ መልሳቸውን እርስዎ የያዙትን ጥቂት የሙከራ ጥያቄዎች ይጨምሩ፤ ለምሳሌ ባለፈው ዓመት ነሐሴ በአንድ ቀን የዘነበው ትልቁ ዝናብ ስንት ሚሊሜትር እንደነበር። ትክክለኛው መልስ ከሰጡት የዝቅተኛና የከፍተኛ ቁጥር ክልል ውጭ ደጋግሞ የሚወድቅባቸው ሰዎች ግምት ይጠብባል ማለት ነው፤ ክልላቸውን አስፍተው ያንብቡት።

ቃላትም ያሳስታሉ። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስለላ ግምገማ በዩጎዝላቪያ ላይ ጥቃት የመሰንዘሩ ነገር በቁም ነገር ሊታይ የሚገባ ዕድል አለው ሲል ጻፈ። ከግምገማው አዘጋጆች አንዱ የነበረው ሸርማን ኬንት ባልደረቦቹን በቁጥር ንገሩኝ ቢላቸው፣ በአንድ ሐረግ ተስማምተው የፈረሙት ሰዎች መልስ ከ20 በመቶ እስከ 80 በመቶ ተራራቀ። የእኛ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይመስላል» እና «ሳይሆን አይቀርም»ም ለእያንዳንዱ አንባቢ የተለየ ክብደት አላቸው። ስለዚህ ከቃሉ ጎን ቁጥር ይጻፍ፤ ከላይ የጠቀስነው ፓነል ለምሳሌ «ሳይሆን አይቀርም» ለሚለው ዓይነት አነጋገሩ ቢያንስ 66 ከመቶ የሚል ወሰን አበጅቷል።

ለኃላፊው የሚቀርበው ማስታወሻ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ግምቶቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድረው መሃል ላይ የዋለው ቁጥር፣ ጠቅላላው ስፋት፣ ከሌሎቹ የራቀው ሰው ምክንያትም በራሱ አነጋገር ይካተት። ልዩነቱን ለማለስለስ አይሞክሩ። ኃላፊው ከግምቱ የተለየ ውሳኔ ቢወስን መብቱ ነው፤ ምክንያቱን ግን በዚያው ወረቀት ግርጌ በሁለት መስመር ይጻፍ።

በመስከረም፣ ወረዳው ውሃ የገባባቸውን ቤቶች ቆጥሮ ሲጨርስ፣ ቁጥሩን ከየባለሙያው ግምት ጎን በሠንጠረዥ ያስፍሩና ለየራሳቸው ይላኩላቸው። ለቀጣዩ ዙር የጥሪ ደብዳቤ ሲዘጋጅ በቅድሚያ የሚገለጠው ፋይል ይህ ሠንጠረዥ ይሁን።