ትኩሳት ለሚመላለስበት ልጅ፦ ቀኑን ጻፉት

ልጃችሁን ትኩሳት እየተመላለሰ የሚይዘው፣ አፉ የሚቆስል፣ ሽፍታም የሚወጣበት ከሆነ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ያዙለት። ትኩሳቱ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ቀን፣ በቴርሞሜትር የለካችሁትን ቁጥር (“ያተኩሰዋል” ብቻ አይበቃም)፣ የሰጣችሁትን መድኃኒት ከነሰዓቱ ጻፉ። ሽፍታውንና የአፉን ቁስል በስልክ አንሱት። እኔ ሳላነሳ ሄጄ ሐኪሙ ፊት የልጄን ሆድ ገልጬ ባሳይ፣ ሽፍታው ድራሹ የለም!

ቀኑ ለምን አስፈለገ? አንዳንድ ልጅ ላይ ትኩሳቱ በየ3 እስከ 6 ሳምንቱ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ይመጣል፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይሄዳል፣ በመሃል ልጁ ምንም አይለውም። እንዲህ ሲሆን መነሻው ኢንፌክሽን ላይሆን ይችላል፤ ያኔ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ መስጠት ዋጋ የለውም። ሐኪሙ ይህን የሚጠረጥረው ግን ቀኖቹን ደርድሮ ሲያይ ነው።

አፉ ሲቆስል ቀዝቀዝና ለስለስ ያለ ምግብ ስጡት። ጎምዛዛና ጨው የበዛበት ያቃጥለዋል። ባይበላም አትጨነቁ፣ ውሃ ግን በማንኪያም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ፓራሲታሞል የሚለካው በእድሜ ግምት ሳይሆን በኪሎው ነው። ሐኪም ካላዘዘ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ብርጭቆ ስትጫኑበት የማይደበዝዝ ሽፍታ ካያችሁ፣ አንገቱ ከተገተረ፣ ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ለ8 ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ወይም ከ3 ወር በታች ሆኖ 38 ዲግሪ ከደረሰ ደብተሩን ተዉት፤ ልጁን ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።